ፋብሪካው ሥራውን ወደ ውጭ አገር ሲያዞር፦ አሜሪካ ለገባ አዲስ ሠራተኛ

አሜሪካ ገብተው ፋብሪካ ተቀጥረው፣ ድርጅቱ ሥራውን ወደ ሜክሲኮ ወይም ቻይና ሲያዞረው ከሥራ ሊቀነሱ ይችላሉ። ቀደም ብሎ የመጣ ዘመድ ያኔ «ቲኤኤ የሚባል አለ፣ መንግሥት ከፍሎ ያስተምርሃል» ሊልዎት ይችላል። ዘመድዎ አልዋሸም፤ ወሬው ግን አርጅቷል።

ቲኤኤ (ትሬድ አድጀስትመንት አሲስታንስ) እ.ኤ.አ. በ1962 በፕሬዝዳንት ኬኔዲ ዘመን የተጀመረ የፌዴራል መንግሥት ፕሮግራም ነው። መንግሥት ገበያውን ለውጭ ዕቃ ሲከፍት፣ በዚያ ሳቢያ ሥራ ያጣውን ሊክስ። ሦስት ሠራተኞች ሆነው ካመለከቱና ከጸደቀላቸው የሥልጠናው ወጪ ይሸፈን ነበር፤ የሥራ አጥ ክፍያው ካለቀ በኋላም ለሚማር ሰው ሳምንታዊ ገንዘብ ይቀጥል ነበር። ዕድሜው 50 የሞላው ደግሞ ያነሰ ደመወዝ ያለው ሥራ ከያዘ፣ የልዩነቱን ግማሽ በሁለት ዓመት እስከ 10,000 ዶላር ያገኝ ነበር። ኮንግረስ ሳያድሰው ቀርቶ ከጁላይ 1 ቀን 2022 ወዲህ ለአዲስ አመልካች ተዘጋ።

ስለዚህ እሱን አይጠብቁ። ሥራው በቆመበት ሳምንት ለስቴትዎ የሥራ አጥ ክፍያ ያመልክቱ፤ የሥራ ፈቃድ ሊኖርዎት ይገባል። የኛ ሰው «እጄን አልዘረጋም» እያለ ወራት ያባክናል። ምጽዋት አይደለም፤ አሠሪው በሠራተኛው ስም ግብር የከፈለበት ኢንሹራንስ ነው። ክፍያው ከተፈቀደ በኋላም ሥራ እየፈለጉ መሆንዎን በየጊዜው ማሳወቅ አለብዎት፤ ከረሱ ይቆማል።

አለቃዎ «በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት ቢያቀርብልዎት ሳያስነብቡ አይፈርሙ። ክፍያውን ሊያስከለክል ይችላል። የስንብት ደብዳቤውንና የደመወዝ ወረቀቶችዎን በአንድ ፖስታ ያስቀምጡ። 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ፋብሪካ ሲዘጋ፣ በአብዛኛው ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ሥልጠናው ሙሉ በሙሉ አልቀረም። በየከተማው ያለው አሜሪካን ጆብ ሴንተር የተባለው የመንግሥት የሥራ ማፈላለጊያ ቢሮ ገንዘብ አይጠይቅም። ገብተው «የዲስሎኬትድ ወርከር ፕሮግራም እፈልጋለሁ» ይበሉ (ያለጥፋታቸው ከሥራ ለተቀነሱ የሚሆን ነው)፤ ይህን ቃል ካልጠሩ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠው ሥራ ፈልግ ብቻ ሊሉዎት ይችላሉ። ካሟሉና በጀት ካለ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ወይም የነርስ ረዳት ኮርስ ሊከፈልልዎት ይችላል።

እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አስተርጓሚ በነፃ ይጠይቁ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የቋንቋ ሕግ አማርኛንም ይጨምራል። ልጅዎን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ለማስተርጎም ይዘው አይሂዱ።