ካርድ ሻጩን የሚያከስረው የመላኪያ ሒሳብ፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ካርድ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ገዢዎቼ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ፣ አልፎ አልፎም ውጭ አገር ናቸው። ትርፌን ሲበላ የኖረው መላኪያው ነበር፤ እኔ የከፈልኩትን ሌላው እንዳይከፍል መንስኤውንም መፍትሄውንም እጽፋለሁ።

ገዢው በዋጋው ተስማምቶ መላኪያውን ሲሰማ ይጠፋል

መንስኤው መዘግየታችን ነው። 200 ብር ብሎ የተስማማ ሰው በኋላ ሌላ 150 ሲጨመርበት እንደተታለለ ይሰማዋል፤ አልፈርድበትም። ከፎቶው ሥር ሁለቱን ዋጋ ለይታችሁ ጻፉ፦ ካርዱ ይህን ያህል፣ መላኪያው እስከ ባሕር ዳር ይህን ያህል፣ እስከ አዲስ አበባ ይህን ያህል። መላኪያውን በካርዱ ዋጋ ውስጥ ደብቆ «ነጻ» ማለትን አልመክርም። አምስት ካርድ በአንድ ፖስታ የሚወስድ ሰው አምስት ጊዜ መላኪያ ይከፍላልና፣ ምርጡ ደንበኛችሁ ይጎዳል።

ፖስታ ቤት ስትደርሱ ክፍያው ከግምታችሁ በላይ ይሆናል

የሚከብደው ካርዱ አይደለም። ተራው ካርድ 63 በ88 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን ክብደቱም 2 ግራም አካባቢ ነው። ክፍያውን የሚያንረው ማሸጊያው ነው። እኔ የመጀመሪያውን ካርድ የላክሁት በጫማ ካርቶን ጋዜጣ ጠቅጥቄ ነበር።

አሁን ካርዱን በስስ ላስቲክ፣ ከዚያም በጠንካራ ፕላስቲክ መያዣ አስገብቼ በሁለት ቁራጭ ካርቶን መካከል አደርገዋለሁ። የፕላስተሩን ጫፍ ትንሽ አጥፌ እተወዋለሁ፤ ገዢው በጥፍሩ ይዞ እንዲያነሣው፣ በምላጭ ሲታገል ካርዱን እንዳይቆርጠው። ከነፖስታው ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዝናለሁ፤ የእነርሱ ሚዛን ግራምን አይስትም።

ውፍረትም ያስከፍላል። ኢትዮጵያ ከ1908 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አባል በሆነችበት የዓለም ፖስታ ኅብረት አሠራር ትንሹ ደብዳቤ ከ5 ሚሊሜትር፣ ትልቁ ከ20 ሚሊሜትር መወፈር የለበትም፤ ከዚያ ያለፈው እንደ ጥቅል ይታያል። ካርቶን ላይ 5 ሚሊሜትር ስንጥቅ አውጡና ፖስታውን አሳልፉበት። ከተጣበቀ ማሸጊያውን ቀንሱ።

ፈጣን መልእክት አድራሾች ደግሞ ባዶ ቦታንም ይመዝናሉ። ብዙዎቹ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመትን በሴንቲሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍላሉ። 30 በ20 በ10 የሆነ ሣጥን ውስጡ አንድ ካርድ ብቻ ቢኖርም 1.2 ኪሎ ተብሎ ይከፈልበታል።

«አልደረሰኝም» ይባላል፣ ገንዘቡም ይመለሳል

በእኛ አገር ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው ለፖስታ ሣጥን ነው። ቀበሌና የቤት ቁጥር ብቻ ተቀብላችሁ አትላኩ፤ የሣጥን ቁጥር ጠይቁ። ውድ ካርድ ከሆነ በአደራ ደብዳቤ (ፖስታ ቤቱ መዝግቦ ደረሰኝ በሚሰጥበት) ይሂድ፤ ተጨማሪውን ክፍያ ቀድማችሁ አሳውቁ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩለት። በአውቶቡስ ረዳት መላክ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ደረሰኝ የለውም። ቢጠፋ የማይቆጫችሁን ካርድ ብቻ፣ የታርጋ ቁጥርና የረዳቱን ስልክ ይዛችሁ ላኩ።

በክረምት ካርዱ ጎብጦ ይመለሳል

የጎጃም ዝናብ ሲበረታ ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣል፣ እናንተም መላኪያ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። የላስቲኩን አፍ ዝናብ በሌለበት ሰዓት አሽጉ።

ወደ ውጭ የላካችሁት ያከስራችኋል

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ተለውጦ ብር ከረከሰ ወዲህ በቃል በያዝነው የድሮ የመላኪያ ዋጋ መሸጥ ኪሳራ ነው። ከመስማማታችሁ በፊት የዕለቱን የመላኪያ ዋጋ ጠይቁ። የጉምሩክ መግለጫው ላይ የተሸጠበትን እውነተኛ ዋጋ ጻፉ፤ ገዢው «ስጦታ ነው በል» ቢላችሁም እሺ አትበሉ። በአገሩ የሚጠየቀውን ቀረጥ የሚከፍለው እርሱ መሆኑንም ገንዘቡን ከመቀበላችሁ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ።