አልጋ ላይ ሲገላበጡ ቤቱ ለሚዞርብዎ፦ የኤፕሊ ዘዴ እንዴት ይሠራል?

ሌሊት ሲገላበጡ ወይም ጠዋት ከአልጋ ቀና ሲሉ ኮርኒሱ ይሽከረከራል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይቆማል። ለጎረቤት ቢነግሩ አንዱ «ደም ማነስ ነው»፣ ሌላው «ግፊት ነው» ይልዎታል። እንዲህ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ጣጣው የጆሮ ነው።

በውስጠኛው ጆሮ ሚዛን የሚጠብቅ ክፍል አለ። እዚያ ላይ ደቃቅ የካልሲየም ካርቦኔት ጠጠሮች ተጣብቀው ይቀመጣሉ። በዕድሜ፣ ጭንቅላት ሲመታ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት ይላቀቁና ፈሳሽ ወዳለባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ይገባሉ። ጭንቅላትዎ ሲንቀሳቀስ ጠጠሮቹ ይንከባለላሉ፣ ፈሳሹም አብሮ ይገፋል። እርስዎ ተኝተዋል፤ ጆሮዎ ግን «እየተሽከረከርን ነው» እያለ ለአንጎል ያወራል።

ጠጠር ደግሞ በክኒን አይወጣም። በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ የነበሩት የጆሮ ሐኪምና ተመራማሪ ዶ/ር ጆን ኤፕሊ ጠጠሩ በገባበት መንገድ ተንከባልሎ መውጣት ይችላል ብለው ተነሡ። የጆሮውን ቱቦዎች አስመስለው ሠርተው ጭንቅላት በየት በየት ቢዞር ጠጠሩ እንደሚወጣ አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1980 ለሙያ ባልደረቦቻቸው ሲያሳዩ ብዙዎቹ አላመኗቸውም። ጥናታቸው በሙያ መጽሔት የወጣው በ1992 ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሐኪሞች ይሠሩበታል።

መጀመሪያ አንገት በላይ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ሐኪሙ ጭንቅላትዎን ወደ አንድ ጎን አዙሮ ፈጠን አድርጎ ወደ ኋላ ያስተኛዎታል፤ ከዚያ ዓይንዎን ያያል። ጠጠሩ ያለው ወደ ታች በዞረው ጆሮ ከሆነ፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዓይንዎ ወደዚያው ጆሮ እየተጠማዘዘ ይርገበገባል። ምርመራው የሚነግርዎት ጆሮው የትኛው እንደሆነ ነው፤ ይህን ሳያውቁ ቤት ውስጥ መሞከር ዝም ብሎ መልፋት ነው። የአንገት አጥንት ወይም የአንገት ደም ሥር ችግር ካለብዎ፣ ወይም የዓይንዎ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) ከተላቀቀ፣ ለብቻዎ አይሞክሩት።

እንግዲህ ቀኝ ጆሮዎ ነው እንበል። ለግራ ሁሉንም ይገልብጡት። አጠገብዎ ሰው ይኑር፤ ሊያስመልስዎት ስለሚችል ፌስታልም ያዘጋጁ።

1. እግርዎን ዘርግተው አልጋ ላይ ይቀመጡ። ትራሱን ሲተኙ ከትከሻዎ ሥር እንዲውል አድርገው ያስቀምጡ። ፊትዎን ወደ ቀኝ 45 ዲግሪ ያዙሩ፤ እስከ ትከሻው ድረስ ሳይሆን ግማሽ መንገድ።

2. ፊትዎ እንደዞረ ፈጠን ብለው በጀርባዎ ይተኙ። ትከሻዎ ትራሱ ላይ፣ ጭንቅላትዎ ዝቅ ብሎ ፍራሹ ላይ ይሁን። አሁን ይዞርብዎታል። ይህ ጠጠሩ መንቀሳቀሱን ያሳያል፤ ደንግጠው አይነሡ። 30 ሰከንድ ይቆዩ፤ ማዞሩ ካልቆመ እስኪቆም ይጠብቁ።

3. ጭንቅላትዎን ቀና ሳያደርጉ ወደ ግራ 90 ዲግሪ ያዙሩ። አሁንም 30 ሰከንድ።

4. ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በግራ ጎንዎ ሲዞሩ ጭንቅላትዎም አብሮ ሌላ 90 ዲግሪ ይዙር፤ አፍንጫዎ ወደ ወለሉ ያመልክት። ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ከሆነ ገና አልዞሩም። 30 ሰከንድ።

5. አገጭዎን ትንሽ ዝቅ አድርገው በግራ በኩል ቀስ ብለው ይነሡ፤ እግርዎን ከአልጋው አውርደው ጥቂት ደቂቃ ይቀመጡ።

አንዳንዱን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል፣ አንዳንዱ መድገም አለበት። ምን ያህል ጊዜ እንደሚደግሙ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ቀደም ሲል «ከዚህ በኋላ ሁለት ሌሊት ተቀምጠህ እደር» ይባል ነበር፤ አሁን አያስፈልግም፣ እንደ ልማድዎ ይተኙ። መኪና ግን ማዞሩ በደንብ እስኪለቅዎ አይንዱ። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔም የሚሠራው ይኸው ዘዴ ነው።

ማዞሩ ቀኑን ሙሉ ካላቆመ፣ ጆሮዎ በድንገት ከደነቆረ፣ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ከታየዎት፣ ምላስዎ ከተሳሰረ፣ እጅ እግርዎ ከዛለ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከያዘዎት ነገሩ ከጠጠር ያለፈ ሊሆን ይችላል። ትራስ ከማስተካከል በፊት ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።