የእጅ ኳስ ጨዋታን በስልክ በቀጥታ እንዴት መመዝገብ ይቻላል

እጅ ኳስ ግብ የሚበዛበት ጨዋታ ነው። አንድ ቡድን በ60 ደቂቃ ውስጥ 25 እና ከዚያ በላይ ግብ ቢያስቆጥር ማንም አይገረምም። በእግር ኳስ 2 ለ 1 ያለቀን ጨዋታ ተመልካቹ ሁሉ በቃሉ ይይዘዋል። 27 ለ 26 ያለቀን ጨዋታ ግን ማን በቃሉ ይይዛል? የሚታመነው የተጻፈው ነው። ለዚህ ነው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው መዝጋቢ ከዳኞቹ ቀጥሎ ትልቅ ኃላፊነት የሚሸከመው።

ጅማ ላይ ስፖርት ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለው ጅማ አባ ጅፋር ነው፤ በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው ክለብ። እጅ ኳስ ያን ያህል ተመልካች የለውም። እኔ ደግሞ ውጤቱን በቀጥታ መመዝገብ ይበልጥ የሚያስፈልገው ተመልካች ለሌለው ጨዋታ ነው እላለሁ። ሜዳ መምጣት ያልቻለች እናት፣ አዲስ አበባ ያለ ወንድም፣ ፈተና ላይ ያለ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ጨዋታውን የሚያዩት እናንተ በምትጽፉት ነው። አንድ ልጅ ላቡን አፍስሶ ያገባው ግብ ደግሞ በራሱ ስም ሊጻፍለት ይገባል።

ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። አንድ ስማርት ስልክ፣ አንድ ጓደኛ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

መጀመሪያ ሕጉን እወቁ

ሙሉውን የሕግ መጽሐፍ መሸምደድ አይጠበቅባችሁም። ለመዝጋቢ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ሜዳ ላይ በአንድ ቡድን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ 7 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ለአዋቂዎችና ዕድሜያቸው 16 ለሞላ ጨዋታው 30 ደቂቃ የሚፈጅ ሁለት አጋማሽ አለው። ከ12 እስከ 16 ዓመት ላሉት 25 ደቂቃ፣ ከ8 እስከ 12 ላሉት 20 ደቂቃ ነው። የሰፈር ውድድር ከሆነ አዘጋጁ ሰዓቱን አሳጥሮት ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቅያሪ አይመዘገብም። ተጫዋቾች ሳያስፈቅዱ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የሚመዘገቡት ግብ፣ የ7 ሜትር ቅጣት ምት፣ ቢጫ ካርድ፣ የ2 ደቂቃ ቅጣት (ተጫዋቹ ለ2 ደቂቃ ከሜዳ የሚወጣበት)፣ ቀይና ሰማያዊ ካርድ፣ እና ቡድኑ የጠየቀው እረፍት ናቸው። ሰማያዊ ካርድ እግር ኳስ ለለመደ ተመልካች እንግዳ ነው። ከቀዩ በኋላ ይወጣል፤ ትርጉሙም ዳኞቹ ስለ ጥፋቱ በጽሑፍ ሪፖርት ያደርጋሉ ማለት ነው።

ስልኩን አዘጋጁ

መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ቻርጁን ማታውኑ ሙሉ። ፓወር ባንክ ካላችሁ ያዙ። የስክሪኑ መብራት ቶሎ እንዳይጠፋ ሰዓቱን ወደ 10 ደቂቃ አርዝሙት። «አትረብሽ» የሚለውን አብሩ፤ ልክ ግብ ሲቆጠር ስልክ ቢደወል የምትጽፉት ገጽ ይሸፈናል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ስለሚያርፍ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ ወይም ጥላ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ጥላው ለሌላም ይጠቅማል። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰማዩ ጠራ ብሎ ማመን አይቻልም። የረጠበ ስክሪን ጣት አይቀበልም፣ አንዳንዴም ያልነካችሁትን ይነካል። ሜዳው ጣሪያ ከሌለው ስልኩ የሚገባበት ስስና ጥርት ያለ ፌስታል ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። በላስቲኩ ላይ መንካት ይቻላል።

ሰንጠረዡን ሥሩ

ለስፖርት ምዝገባ ብቻ የተሠሩ አፖች አሉ። አብዛኞቹ የሚሠሩት በተመሳሳይ መንገድ ነው፦ ቡድኑን ትነካላችሁ፣ የተጫዋቹን ቁጥር ትነካላችሁ፣ ከዚያ የሆነውን ትመርጣላችሁ። እኔ ግን ለጀማሪ ጉግል ሺትስን እመክራለሁ። ነጻ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ የተጻፈው ሁሉ ፊት ለፊት ይታያል። ፋይሉን ኔትወርክ ባለበት ቦታ ከፍታችሁ «ከመስመር ውጪ» እንዲሠራ ማድረግን አትርሱ። ሜዳ ከደረሳችሁ በኋላ ዳታ እምቢ ቢል ጭንቀት አይኖርም።

አምስት ዓምዶች ይበቃሉ፦ ደቂቃ፣ ቡድን፣ ቁጥር፣ ምን ሆነ፣ ውጤት። በአማርኛ ሙሉ ቃል መጻፍ ጊዜ ይፈጃልና አጭር ምልክት ተጠቀሙ። «ግ» ግብ፣ «7ግ» ከ7 ሜትር የገባ፣ «7ሳ» ከ7 ሜትር የተሳተ፣ «ቢ» ቢጫ፣ «2ደ» የ2 ደቂቃ ቅጣት፣ «ቀ» ቀይ፣ «ሰ» ሰማያዊ፣ «እ» የቡድን እረፍት። ኮምፒውተር የምታገኙ ከሆነ እነዚህን በተቆልቋይ ዝርዝር አስገቧቸው። ከዚያ ስልክ ላይ ፊደል መልቀም ቀርቶ መንካት ብቻ ይሆናል።

በሁለተኛ ገጽ የተጫዋቾቹን ስምና ቁጥር ጻፉ። ከስማቸው ጎን ለቢጫና ለ2 ደቂቃ ቅጣት ባዶ ቦታ ተዉ። ይህ ገጽ በኋላ ያድናችኋል።

የማልያ ቁጥር ነገር

ጨዋታው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ሜዳ ድረሱ፤ ምክንያቱ ማልያ ነው። በሰፈር ውድድር ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ቁጥር ለብሰው መምጣታቸው የተለመደ ነው። ቁጥር የሌለው ማልያም አለ። ነጭ ፕላስተርና ማርከር ያዙና ለአምበሉ ንገሩት፤ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ይስተካከል። ስም ላይ አትመኩ። አንድ ቡድን ውስጥ ሦስት አብዲ ሊኖር ይችላል። ቁጥር ግን አንድ ነው።

ከሰዓት ያዡ ጋርም ተዋወቁ። ሰዓቱን የሚይዘው እሱ ነው፤ እናንተ በስልካችሁ የራሳችሁን ሰዓት አትክፈቱ። ሁለት ሰዓት ካለ ጭቅጭቅ አለ።

ኳሱን ሳይሆን ዳኛውን

ሥራው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ኳስ መረብ ስለነካ ግብ አይባልም። ተጫዋቹ የግብ ክልሉን መስመር ረግጦ ሊሆን ይችላል፣ ቀድሞ ፊሽካ ተነፍቶ ሊሆን ይችላል። ዳኛው ግብ ሲያጸድቅ ሁለት ጊዜ አጠር አድርጎ ያፏጫል፣ እጁንም ያነሳል። እሱን ሳታዩ ጣታችሁ ስክሪኑን አይንካ። ተመልካች ሲጮህ አብሮ መጻፍ የጀማሪ ሁሉ ፈተና ነው።

አንድ ሰው ሜዳውንም ስክሪኑንም እኩል ማየት አይችልም። ስለዚህ ሁለት ሁኑ። አንዱ ጠሪ ነው፤ ዓይኑን ከሜዳው አያነሳም። ሌላው መዝጋቢ ነው። ጠሪው ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይጥራ፦ ቡድን፣ ቁጥር፣ የሆነው ነገር። ለምሳሌ የጅማዎቹ የኮቺና የጅሬን ሰፈሮች ሲጫወቱ፦ «ኮቺ፣ አስራ አንድ፣ ግብ!» መዝጋቢው እየጻፈ ይደግመዋል፦ «ኮቺ፣ አስራ አንድ፣ ግብ፤ ስምንት ለስምንት።» ይህ መደጋገም ብዙ ስህተት ያስቀራል። መጀመሪያ ቀን ሊያሳፍር ይችላል፤ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ትለምዱታላችሁ።

የኮቺና የጅሬን ልጆች ቢገጥሙ ሰንጠረዡ ይህን ይመስላል፦

14:35፣ ኮቺ፣ 9፣ 2ደ
14:37፣ ጅሬን፣ 4፣ 7ግ፣ 7–8
15:10፣ ኮቺ፣ 11፣ ግ፣ 8–8

ሦስቱን መስመር ብቻ አንብቡ። የኮቺው 9 ቁጥር ለቅጣት ወጣ፣ ጅሬን በ7 ሜትሩ መራ፣ ኮቺ በአንድ ሰው ጎድሎ አቻ አደረገ። ሜዳ ያልነበረ ሰው ጨዋታውን ከዚህ ያየዋል።

ቁጥሩ ካመለጣችሁስ? ግቡን ጻፉ፣ በቁጥሩ ቦታ የጥያቄ ምልክት አድርጉ፣ ጨዋታው ሲቆም ጠይቁ። ግምት አትጻፉ። የግቡ ብዛት ላይ ከተጠራጠራችሁ ግን አትዘግዩ። ዳኞቹ ግቡን አጽድቀው መሃል ላይ ጨዋታው እንደገና ከተጀመረ ያ ግብ አይሻርም።

ሁለት ደቂቃዋ

ብዙ ጀማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። የ2 ደቂቃ ቅጣት የሚቆጠረው ዳኛው ሁለት ጣቱን አንስቶ ካሳየበት ቅጽበት ሳይሆን ዳኛው ጨዋታውን በፊሽካ ሲያስጀምር ነው። ዳኛው ሲቀጣ ሰዓት ስለሚያስቆም ሒሳቡ ቀላል ነው። ሰዓቱ 14:35 ላይ ከቆመ ተጫዋቹ 16:35 ላይ ይመለሳል። የመመለሻውን ደቂቃ ወዲያው በወረቀት በትልቁ ጻፉና ለሰዓት ያዡ አሳዩት።

ቅጣቱ ወደ እረፍት ከተጠጋ የቀረው ወደ ሁለተኛው አጋማሽ ይሻገራል። 29:10 ላይ የወጣ ተጫዋች 50 ሴኮንድ ጨርሷል፤ 1 ደቂቃ ከ10 ይቀረዋል። ሰዓቱ ከ30 ወደ ላይ የሚቀጥል ከሆነ 31:10 ላይ ይገባል። ሁለተኛው አጋማሽ ከዜሮ የሚጀምር ከሆነ 1:10 ላይ ማለት ነው። ተጋጣሚው ግብ ቢያገባም ቅጣቱ አያጥርም፤ ሁለቱ ደቂቃ ሙሉ ይፈጸማል። በዋተር ፖሎ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ በሚደረገው የኳስ ጨዋታ፣ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያም 7 ለ 7 ይጫወታሉ፣ ጥፋተኛውም ለጊዜው ይወጣል፤ ግብ ከተቆጠረ ግን ጊዜው ሳያልቅ መመለስ ይችላል። ቴሌቪዥን ላይ አይታችሁ ከሆነ ሁለቱን አታደባልቁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ገጽ። አንድ ተጫዋች ለሦስተኛ ጊዜ 2 ደቂቃ ከተቀጣ ቀይ ካርድ ያያል፣ ከጨዋታው ይወጣል። ዳኛው በሩጫ መሃል ሊረሳው ይችላል። ጠረጴዛው ግን መርሳት አይችልም፤ ሦስተኛው መሆኑን ለዳኞቹ ማሳወቅ የእናንተ ሥራ ነው። ቢጫም ገደብ አለው፦ ለአንድ ተጫዋች 1፣ ለቡድኑ ተጫዋቾች በድምሩ 3። እያንዳንዱን ካርድ ከስሙ ጎን ወዲያው ምልክት አድርጉ።

የቡድን እረፍት 1 ደቂቃ ነው፤ አሰልጣኙ አረንጓዴ ካርድ ጠረጴዛ ላይ በማስቀመጥ ይጠይቃል። በዓለም አቀፍ ውድድር ለቡድን 3 ይፈቀዳል፣ በአንድ አጋማሽ ግን ከ2 አይበልጥም። የእናንተ ውድድር ስንት እንደሚፈቅድ ከአዘጋጁ ስሙ።

ለሰው ማድረስ

ቴሌግራም ለዚህ የተመቸ ነው። ለአንድ ጨዋታ አንድ መልዕክት ክፈቱና ውጤቱ በተቀየረ ቁጥር እሱኑ አርሙት። 50 ግብ ሲቆጠር 50 መልዕክት ብትልኩ ሰው ቻናሉን ድምፁን ያጠፋዋል። የታረመ መልዕክት ግን ደወል አያሰማም፤ ስለዚህ በጅማሬ፣ በእረፍትና በመጨረሻ አዲስ መልዕክት ላኩ። ግብ በየደቂቃው ሲዘንብ ምዝገባው ይቅደም፤ ማሰራጨቱ ጨዋታው እስኪቆም ይጠብቅ። የተጎዳ ተጫዋች ፎቶና ዳኛ ላይ የተሰነዘረ ስድብ ቻናሉ ላይ አይውጣ።

በወረቀቱ ላይ ደግሞ የእያንዳንዱን ቡድን ግብ በሰረዝ ምልክት አድርጉ፣ አምስት አምስት እያደረጋችሁ። ስልኩ ቢጠፋ፣ ቢወድቅ፣ ባትሪው ቢያልቅ ውጤቱ አይጠፋም። ጨዋታው በቆመ ቁጥር ስልኩን፣ ወረቀቱንና የውጤት ሰሌዳውን አስተያዩ። ልዩነት ከተገኘ እዚያው ይፈታ። በ12ኛው ደቂቃ የተሳሳተን ግብ በ58ኛው ደቂቃ መፈለግ መከራ ነው።

ሜዳ ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ተለማመዱ። ዩቲዩብ ላይ ሙሉ የእጅ ኳስ ጨዋታ አውርዱ፣ 10 ደቂቃ ብቻ ምረጡ፣ ሳታቆሙ መዝግቡ። ከዚያ መልሳችሁ እያቆማችሁ አርሙት። ስህተታችሁ የት እንደሚበዛ ወዲያው ታያላችሁ፤ አብዛኛው ሰው የሚያመልጠው ከግብ በኋላ በፍጥነት የሚደረግ መልሶ ማጥቃት ላይ ነው። መዝጋቢው ገና አንገቱን ደፍቶ ሳለ ሌላ ግብ ይገባል።

ፊሽካው ካለቀ በኋላ

አትነሱ። ጨዋታው አቻ አልቆ አሸናፊ መለየት ካለበት ጭማሪ ሰዓት አለ፦ 5 ደቂቃ የሚፈጅ ሁለት አጋማሽ። እሱም ካለቀ በኋላ በ7 ሜትር ምት የሚለይ ከሆነ ለየብቻ መዝግቡት።

ያለቀ ከሆነ የተጫዋቾቹን ግብ ደምሩ። የሁሉም ድምር ከመጨረሻው ውጤት ጋር እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ የጥያቄ ምልክት ያለበትን መስመር ፈልጉ። ዳኞቹና ሁለቱ አምበሎች ሜዳውን ሳይለቁ ሰንጠረዡን አሳዩዋቸው፣ ወረቀቱ ላይ አስፈርሟቸው። ከዚያ ስክሪኑን ፎቶ አንሱት፣ ፋይሉን በቀኑና በሁለቱ ቡድኖች ስም አስቀምጡት፣ ዳታ ስታገኙ ለሁለቱም አሰልጣኞች እኩል ላኩላቸው።