አሮጌ ራቭፎር ይዞ ዓባይ በረሃን መመላለስ

ቤታችን ያለችው ራቭፎር የ1998 ስሪት ናት፤ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። አባቴ ለብዙ ዓመት ነዳት፣ አሁን ቁልፉ እኔ ጋ ነው። እናቴን ሐኪም ቤት የምናደርሰው፣ ለጥምቀት ዘመድ የምንጠይቀው፣ አዲስ አበባ ጉዳይ ሲኖር የምንሄደው በሷ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ሆናችሁ የቆየች የቤንዚን መኪና ለያዛችሁ ሰዎች ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበል። ለመለዋወጫ ብር ከማውጣታችሁ በፊት የተበላሸውን ቦታ በዓይናችሁ እዩ። እኔ ይህንን የተማርኩት ብዙ ብር ከከሰርኩ በኋላ ነው።

የኛ መኪና ችግር ሙቀት ነበር። ከተማ ውስጥ ደህና ናት፣ ዳገት ላይ መርፌው ሽቅብ ይላል። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ተርሞስታቱን፣ ማለትም የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋውን ዕቃ፣ ፈቶ አወጣና «ይሄ ለኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ ሸኘኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሞተሯ አልሞቅ አለ፣ ቤንዚን እንደ ውሃ መጠጣት ጀመረች፣ ዳገቱ ላይ ግን እንደ ድሮው ትፈላለች። ሌላው ደግሞ «ጓርኒሲዮን ነው፣ ቴስታታው ይውረድ» አለ፤ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከሥሩ የሚያሽገው ንጣፍ። ለዚያ ብር እያሰባሰብኩ ሳለ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች።

ኮፈኑን ከፍቼ እጄን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ስዘረጋ አንድ የኤፍኤስአር ጭነት መኪና ሹፌር ከኋላ ቆሞ ጮኸ፤ «ልጄ! እንዳትነካው!» መጥቶ ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገባልኝ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ በፊት ለፊቱ ፍርግርግ በኩል በስልኩ መብራት አየ። «ና እይ» አለኝ። ራዲያተር ከሚመስለው የኤሲው ኮንደንሰር ኋላ፣ ከራዲያተሩ ፊት፣ ሁለቱ መሃል ባለችው ጣት በማታስገባ ክፍተት ጭድ ታጭቆበታል። አቧራና የተሰባበረ ጭድ በውሃ ርሶ፣ ደርቆ፣ እንደገና ርሶ ልክ እንደ ጭቃ ምርጊት ሆኗል። ጥር ላይ አውድማው ሁሉ ሲወቃ ነፋሱ ጭዱን መንገድ ላይ ይበትነዋል፣ መኪናው ደግሞ እየሳበ ይሰበስበዋል። ለካስ ራዲያተሩ ግማሹ አየር አያገኝም ነበር።

ስለዚህ መኪናችሁ ከሞቀ መጀመሪያ የምታዩት ይሄንን ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በመብራት በሁለቱ መሃል እዩ። ከተደፈነ በጎማ ቱቦ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ ማለትም አየሩ ከሚገባበት በተቃራኒ፣ ውሃ ልቀቁበት። የእጥበት ቤቱን ኃይለኛ ውሃ አትጠቀሙ፣ ቀጫጭኖቹን ክንፎች ያጣጥፋቸዋል። የኔ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ የወጣው ጭድ ግማሽ ባልዲ ይሞላል።

ሁለተኛው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ይህቺን ትንሽ ዕቃ ማንም አይቆጥራትም። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ ግን ትልቅ ነገር ናት። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደህና ሞተር ደግሞ በ90 ዲግሪ ግድም ነው የሚሠራው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ ውስጡ የሚይዘው ግፊት ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ፤ የሚይዘው ግፊት መጠን ነው። ጤነኛ ክዳን ከሆነ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ ግን ሞተሩ ምንም ሳይሆን ውሃው ይፈላና ይወጣል። ቀዝቃዛ ሆኖ ክፈቱት፣ ጎማውን በጣታችሁ ዳስሱት። ደርቆ ከጠነከረ ቀይሩት፣ ስትገዙም ቁጥሩ ከድሮው ጋር አንድ ይሁን። የኔ ጎማ በጥፍር ስጫነው ተሰበረ።

ተርሞስታቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው እሱ ነው። ከሌለ ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው፣ ኮምፒውተሩም «ገና አልሞቀችም» ብሎ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። በማርቆስ ብርድ ይሄ በየቀኑ ብር ማቃጠል ነው። ደህና መሆኑን ቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። በክር አንጠልጥላችሁ ድስት ውስጥ ውሃ ላይ ጣዱት። ብዙዎቹ ላይ 82 ተብሎ ተጽፏል፤ ስለዚህ ውሃው ከመፍላቱ በፊት መከፈት መጀመር አለበት። ፈልቶም ካልተከፈተ ጣሉት።

ፋኑን ለማየት ሞተሩን አስነስታችሁ ኤሲውን አብሩ፤ ፋኑ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ሪሌውን፣ በመጨረሻ የራሱን የፋኑን ሞተር እዩ። ኤሲ የማይሠራ ከሆነ ቆማችሁ እስክትሞቅ ጠብቁ።

ጓርኒሲዮን ሲቃጠል ምልክት አለው፣ በግምት አይፈታም። የዘይቱ ክዳን ሥር ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ነገር ካለ፣ በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ከሞቀች በኋላም ካልቆመ፣ ወይም በቀዝቃዛው የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ስታስነሱ ውስጡ አረፋ ያለማቋረጥ ከመጣ ያኔ ተጠራጠሩ። እኔ ጋ ከነዚህ አንዱም አልነበረም። ቴስታታውን ባስወርድ ኖሮ የማያስፈልግ ብር ይወጣ ነበር፣ ጭዱ ደግሞ እዚያው ይቀመጥ ነበር።

ውሃ ስትጨምሩ የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውሃ አታድርጉ። ከሱ የሚቀረው ዝቃጭ ቀጫጭኑን ቱቦ ይደፍነዋል። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅሉ። መንገድ ላይ ችግር ከገጠማችሁ ግን ያገኛችሁትን ጨምሩና ቤት ስትደርሱ አጥባችሁ ቀይሩ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ቴስታታ ይሰነጥቃል፤ ግማሽ ሰዓትም አንድ ሰዓትም ቢሆን ጠብቁ።

ዳገቱ ላይ መርፌው ሲነሳ ካያችሁ ኤሲ አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው አብሩ። በበረሃው ሙቀት ልጆች ያማርራሉ፣ ግን ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ሙቀቱን ከሞተሩ ይወስዳል። ማርሽ ቀንሱ፣ ሞተሩ ትንሽ ይጩህ፤ ፖምፓው ውሃውን በፍጥነት ያዞረዋል።

ስለ ቁልቁለቱም ልናገር፣ ምክንያቱም ሙቀት መኪናውን ነው የሚያቆመው፣ ፍሬን ግን ሰው ይጨርሳል። ከደጀን እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 1,400 ሜትር ትወርዳላችሁ። እግራችሁን ፍሬን ላይ አስቀምጣችሁ ከወረዳችሁ ሸራው ይግላል፣ ዘይቱም ይፈላል፣ ፔዳሉ ስፖንጅ እንደመርገጥ ይሆናል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት የገባበት ዘይት ደግሞ ቶሎ ይፈላል። በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩ፣ ቢጫው ወደ ጥቁር ቡና ከተለወጠ አትጠብቁ። ስትወርዱ በ2ኛ ማርሽ ሁኑ። አውቶማቲክ ከሆነም ዘንጉን 2 ላይ አድርጉ። ፍሬን ጠንከር አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁ፣ ያዙና ልቀቁ።

ሌሎቹን በአጭሩ። የቺንጊያው ነገር ቀልድ አይደለም፤ በዚህ ሞተር የካምሻፍቱን ቺንጊያ በ100,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩ፣ የውሃ ፖምፓውንም የሚያዞረው እሱ ስለሆነ ፖምፓውን አብራችሁ ቀይሩት፣ የጉልበት ዋጋ ሁለት ጊዜ አትከፍሉም። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ በር ወይም መብራት መግዛት ይቻላል፤ ያገለገለ ቺንጊያ ግን በጭራሽ። በአራቱም ጎማ የምትጎትት ከሆነች አራቱም ጎማ አንድ ልክና ተቀራራቢ ዕድሜ ይኑራቸው፣ አለዚያ ዲፈረንሻሉ ያለ ዕረፍት ይፋተጋል። ሙሉ መሪ አዙራችሁ ስትነሱ «ቀጭ ቀጭ» ካለ የአክስሉን ጫፍ የሚሸፍነው ጎማ ተቀዶ ጭቃ ገብቶበታል። ክረምት ሲወጣ ሥሯን አሳጥባችሁ እዩት፤ ጎማው ብቻ ተቀዶ ሳለ ከደረሳችሁበት በጥቂት ብር ያልቃል።

ጠዋት አልነሳ ካለችም ባትሪ ለመግዛት አትሩጡ። ተርሚናሉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ነቅላችሁ በሞቀ ውሃ አጥባችሁ አጥብቁት። በመለኪያ ሲታይ ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። ሲነሳ ካልጨመረ ጥፋቱ የዲናሞው ነው።

የኛ መኪና አሁን ተርሞስታቷም ክዳኗም አዲስ ነው። ጥር በገባ ቁጥር በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት በመብራት መሃሉን አያለሁ። ኋላ ላይ 10 ሊትር ውሃ በጀሪካን፣ አንድ ትርፍ ክዳን፣ አንድ የላይኛው የራዲያተር ጎማ ቱቦና ሁለት ማጥበቂያ፣ ክሪክ፣ ከሁሉም በላይ ሁለት የእንጨት ታኮ አለ። ባለፈው ጥር ከአዲስ አበባ ስንመለስ ዓባይን አምስት ሰው ጭነን ወጣናት፤ ደጀን ስንደርስ መርፌው ከመሃል አልተነቃነቀም ነበር።