ሁለት ጊኒ ፒግ ያለበት ቤት ውስጥ ትናንሾችን እንዴት እናስገባ

እዚህ አሜሪካ ልጅ ያለው ሐበሻ ቤት ጊኒ ፒግ (ጭራ የሌለው፣ ፀጉራም፣ ትንሽ የቤት እንስሳ) መግባት ከጀመረ ቆየ፣ መጀመሪያ ሁለት ይገዛል፣ ከዛ የልጆቹ ጓደኛ ቤት ያለችው ትወልድና "ማሚ ሁለቱን ብቻ" ይመጣል። እሺ ካላችሁ ይሁን፣ ግን ትናንሾቹን አምጥቶ ኬጁ ውስጥ ዱብ ማድረግ የለም። ነባሮቹ ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ ማን የቱ ጥግ እንደሚተኛ ከተስማሙ ቆይተዋል፣ አዲስ ሲገባ ያ ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል፣ ጩኸትም ሩጫም አለው። የእናንተ ሥራ በጩኸቱ አለመደንገጥና እውነተኛው ጠብ ሲመጣ ማወቅ ነው።

ከሁሉ በፊት ጾታ። ሻጩ "ሁለቱም ሴት ናቸው" ስላለ አትመኑ፣ ትንሽ ሲሆኑ መለየቱ ያስቸግራል፣ ስለዚህ ጊኒ ፒግ የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ያረጋግጥላችሁ (ውሻና ድመት ብቻ የሚያክም ሳይሆን ኤግዞቲክ ቬት የሚሉት)። ወንዱ ገና 3 ሳምንት ሲሞላው ከእናቱና ከእህቶቹ መለየት አለበት፣ ሴቷ ደግሞ በ4 ሳምንቷ ማርገዝ ትችላለች፣ አዎ በ4 ሳምንት። ወልዳ የማታውቅ ትልቅ ሴት ካለቻችሁ ደግሞ ይብሳል፣ ከ6 ወይም 7 ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብታረግዝ ምጡ ሊገድላት ይችላል።

ሴቶች ላይ ትናንሽ ሴቶች መጨመር ቀላሉ ነው። የተኮላሸ ወንድና ሴት ካሏችሁም ትናንሽ ሴቶች ጥሩ ይሄዳል፣ ግን ወንዱ ከተኮላሸ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊያስረግዝ ስለሚችል ያ ጊዜ ይለፍ። ሁለት ወንዶች ላይ ሁለት ትናንሽ ወንዶች? እኔን ከጠየቃችሁኝ አታድርጉት። መጀመሪያ ላይ ሰላም ይመስላል፣ ትናንሾቹ 3 ወይም 4 ወር ሲሞላቸው ግን ጉርምስናው ይመጣና ቤቱ ይታመሳል፣ ይባስ ብሎ ነባሮቹ ራሳቸው ሊጣሉ ይችላሉ። ሁለት ጥንድ አድርጋችሁ ጎን ለጎን በየኬጃቸው ብታኖሯቸው ይሻላል።

ከዛ አዲሶቹ ለ2 እስከ 3 ሳምንት ሌላ ክፍል ውስጥ ለብቻቸው ይቆዩ። ሰው የሚዘለው ይሄንን ነው፣ ልጆቹ ስለሚያጣድፉ። ግን የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የእከክ ተባይ፣ ጭርት (ጭርቱ ለልጆቻችሁም ይተላለፋል) ወዲያው አይታይም። ምግብ ስትሰጡ መጀመሪያ ነባሮቹን ቀጥሎ አዲሶቹን፣ ከዛ እጅ መታጠብ። ማስነጠስ፣ ከዓይንና ከአፍንጫ ፈሳሽ፣ የተመለጠ ቦታ፣ ወይ ዝም ብሎ መፋዘዝና አለመብላት ካያችሁ ወደ ሐኪም። እና እባካችሁ፣ ቤት የተረፈች አሞክሲሲሊን አለች ብላችሁ እንዳትሰጡ፣ የፔኒሲሊን ዘር የሆነ መድኃኒት የጊኒ ፒግን አንጀት አበላሽቶ ሊገድል ይችላል።

በዚህ መሀል ቦታ አዘጋጁ። ለአራት ቢያንስ 1.2 ካሬ ሜትር ወለል ያስፈልጋል፣ ቢሰፋ ደግሞ የተሻለ፣ ፎቅ ያለው ኬጅ አያታልላችሁ፣ የሚቆጠረው የሚሮጡበት ወለል ነው። የሽቦ ፍርግርግ የምትጠቀሙ ከሆነ ቀዳዳውን እዩት፣ ለትልቁ የሚበቃው ለትንሹ በር ነው፣ ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው ይከተላል ወይም እዛው ይቀረቀራል። ከታች ካርቶን ዙሪያውን ማሰር ይበቃል።

የማስተዋወቂያውን ቀን ቅዳሜ ጠዋት አድርጉት፣ ቀኑን ሙሉ ቤት እንድትሆኑ። ቦታው የማንም ያልሆነ መሆን አለበት፣ ነባሮቹ ሄደውበት የማያውቁት የሻወር ቤት ወለል ወይ የሳሎን ጥግ፣ ከሥር ፎጣ ይነጠፍ። መሀል ላይ ድርቆሽ ክምር አድርጉ፣ ሰላጣውንና ቤል ፔፐሩን አንድ ቦታ ሳይሆን አራት አምስት ቦታ በትኑት፣ ቤል ፔፐሩ መቼም አይቅር፣ ጊኒ ፒግ እንደኛው ቫይታሚን ሲ ራሱ መሥራት አይችልም። መደበቂያ ካስገባችሁ ሁለት በር ያለው ይሁን፣ የጫማ ካርቶን በሁለት በኩል ቀዳችሁ ትጨርሳላችሁ። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት ወጥመድ ነው፣ ትንሹ ውስጥ ይገባል፣ ትልቁ በሩ ላይ ይቆምበታል። አራቱንም በአንዴ አስገቡና ቁጭ ብላችሁ እዩ።

የምታዩት ይሄ ነው። ትልቋ ቀስ እያለች ወገቧን ግራና ቀኝ እያወዛወዘች ትመጣለች፣ ጠረጴዛ ላይ ቫይብሬት እንደሚያደርግ ስልክ ድምፅ እያሰማች፣ የትንሿን ቂጥ ታሸታለች፣ አንዳንዴ ትወጣባታለች (ሴት ሆና ሳለ፣ ይሄ የአለቃነት ነገር ነው)። ትንሿ ሰፈር የሚያስወጣ ጩኸት ትጮሃለች፣ ግን ቀርባችሁ ስታዩ ማንም አልነካትም፣ "እሺ አንቺ ነሽ ትልቋ" ማለቷ ነው። ማባረር፣ በአፍንጫ መግፋት፣ ከምግብ ላይ ማስነሳት፣ ሽንት መርጨት ሳይቀር ጤነኛ ነገር ነው፣ ጣልቃ አትግቡ። ባነሳችኋቸው ቁጥር ድርድሩ ከዜሮ ይጀምራል።

ማስቆም ያለባችሁ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው አናታቸውን ሽቅብ አድርገው፣ የማጅራታቸው ፀጉር ቆሞ፣ ጥርሳቸውን ሳያቋርጡ ሲያንቀጫቅጩ፣ አፍ ተከፍቶ ጥርስ ሲታይ ነው። ያኔ ፎጣ ጣል አድርጉባቸው ወይ የቆሻሻ ማፈሻ መሀላቸው አስገቡ። ተያይዘው ከተንከባለሉ በባዶ እጅ አትገላግሉ፣ እስከ አጥንት ይነክሳሉ፣ የኦቨን ጓንት አጠገባችሁ ይኑር። ደም ከታየ የዛን ቀን አበቃ፣ የተነከሰውን ሐኪም ይየው ምክንያቱም ቁስሉ ከላይ ደርቆ ከሥር መግል ይይዛል።

ሽታቸው አንድ እንዲሆን አንድ ላይ እጠቧቸው፣ ቫኒላ ቀቧቸው የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ተዉት፣ የፈራ እንስሳ እርጥብ ሲሆን ይባስ ይፈራል እንጂ አይፋቀርም።

ጥቂት ሰዓታት አልፈው አብረው ድርቆሽ መብላት፣ በተለይም ጋደም ማለት ከጀመሩ ኬጁን አቼቶ በውሃ አቅጥናችሁ እጠቡት፣ ከሥር የሚነጠፈውን ጨርቅ (ፍሊሱን) ቀይሩ፣ ዕቃውን ሁሉ ቦታውን አዟዙሩት፣ ከዛ አራቱን በአንዴ አስገቡ። ውሃ ሁለት ቦታ፣ መደበቂያ ከቁጥራቸው አንድ ትርፍ። ኬጅ ውስጥ ሲገቡ ማባረሩ ትንሽ ያገረሻል፣ ይጠበቃል። ትናንሾቹ እስከ 6 ወር አልፋልፋ የሚባለውን ድርቆሽ ቢበሉ ጥሩ ነው፣ ለትልልቆቹ ግን ካልሲየሙ በዝቶ የፊኛ ጠጠር ያመጣል፣ ስለዚህ ትልልቆቹ የማይገቡባት ጠባብ ቀዳዳ ያላት ካርቶን ውስጥ አድርጉላቸው፣ እነሱ ሲወፍሩ ካርቶኗም ታበቃለች።

ጨርሶ እምቢ ካሉ በፍርግርግ ከፍላችሁ እየተያዩ ይኑሩ፣ ሁለት ሁለት ስለሆኑ ማንም ብቻውን አልቀረም። ተስማምተው ከሆነ ደግሞ በየሳምንቱ በኪችን ሚዛን መዝኗቸው፣ አራቱንም። ትንሹ መጨመር ካቆመ ወይ ትልቁ ከ50 ግራም በላይ ከቀነሰ አንዱ ከምግቡ እየተባረረ ወይም እየታመመ ነው፣ ምግቡን በብዙ ቦታ በትናችሁ ማን እንደሚበላ ማን እንደማይበላ እዩ፣ በማግስቱም ካልተሻለው ሐኪም ጋ ደውሉ።