ቀቢው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ፕላስተር ለጥፉ

የቤታችሁን የውጭ ግድግዳ ልታስቀቡ ከሆነ፣ በካሬ ስንት ብላችሁ ከመደራደራችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ቀቢው ባለበት፣ ካርቶን የሚታሸግበትን ፕላስተር አንድ ስንዝር ቆርጣችሁ ግድግዳው ላይ አጥብቃችሁ ለጥፉና ባንዴ ላጥ አድርጉት። አሮጌው ቀለም አብሮ ከመጣ አዲሱም አይቆይም። ከሥር ያለው ከለቀቀ ላዩ ምን ይዞ ይቆማል? ቀጥሎ ግድግዳውን በመዳፋችሁ አሹት። እጃችሁ ዱቄት ከነካው ቀለሙን ፀሐይ በልቶታል፤ መታጠብ አለበት።

ጥቅሙ ድርድሩ ላይ ነው። መፋቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማሸቱና ማጠቡ የእጅ ዋጋው ውስጥ መግባቱን እዚያው ቆማችሁ ትነጋገራላችሁ። ሥራ ከተጀመረ በኋላ «ይሄማ ሌላ ሒሳብ ነው» የሚባል ጣጣ አይመጣም። ፕላስተሩን ሲያይ ፊቱ የሚጠቁር ቀቢ ካጋጠማችሁ፣ እኔ ብሆን ሌላ እፈልጋለሁ።

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ላላችሁ ደግሞ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጩ ግድግዳውን ሲያቀዘቅዘው ያድራል። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ብርድ ላይ በደንብ አይያያዝም። ስለዚህ ፀሐይ ግድግዳውን ካሞቀችው በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ይጀምር፤ 9 ሰዓት ላይ ያቁም። በቀን ሒሳብ ከቀጠራችሁት ይህ ኪስ ይቆነጥጣል፤ በካሬ መዋዋሉ ይሻላል።

በኖራ ብቻ የተቀባ የጭቃ ቤት ላይ ግን ፕላስተሩን አትሞክሩት፤ ኖራ መቼም ይላጣል። ዝናብ ሲመታው ያደረ ግድግዳም እስኪደርቅ ጠብቁ።