ቁጥሮቹን ሳታከማቹ አማካይና ስርጭት እንዴት ይሰላል?

በየሴኮንዱ አንድ ቁጥር የሚልክ የሙቀት መለኪያ አለ እንበል። በቀን 86,400 ቁጥር ይመጣል፤ በዓመት ከ31 ሚሊዮን በላይ። ብዙ ጀማሪ ሁሉንም ሊስት ውስጥ ይሰበስብና አዲስ ቁጥር በመጣ ቁጥር ከመጀመሪያው ጀምሮ ይደምራል። ለመቶ ቁጥር ችግር የለውም። ለሚሊዮን ግን ፕሮግራሙ ያንኑ ሥራ ሲደጋግም ይውላል፤ ሜሞሪውም ይሞላል።

ያለፉትን ቁጥሮች መያዝ አያስፈልግም። ሦስት ቫሪያብል ይበቃል።

መጀመሪያ አማካዩ

ሦስት ቁጥር አይታችኋል፤ አማካያቸው 8 ነው። አራተኛው 16 ሆኖ መጣ። ከአማካዩ በ8 ይበልጣል። ይህን ትርፍ ለአራቱም እኩል አካፍሉት፤ ለእያንዳንዱ 2 ይደርሰዋል። አዲሱ አማካይ 10 ሆነ። የቀድሞዎቹ ሦስት ቁጥሮች ምን እንደነበሩ ማንም አልጠየቀንም።

ቀጥሎ ስርጭቱ

አማካይ ብቻውን ይሸውዳል። ከ19 እስከ 21 የሚወዛወዝ መለኪያና ከ0 እስከ 40 የሚዘል መለኪያ ሁለቱም አማካያቸው 20 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቫሪያንስ ያስፈልገናል፤ ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት አቋራጭ አለ። የቁጥሮቹን ድምርና የካሬዎቻቸውን ድምር ይዞ፣ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን ድምር ካሬ ለብዛት አካፍሎ ከሁለተኛው መቀነስ፣ ቀሪውንም ለብዛት ሲቀነስ 1 ማካፈል ነው። በወረቀት ላይ ትክክል ነው። በኮምፒውተር ግን 4፣ 7፣ 13 እና 16 ላይ አንድ ቢሊዮን ጨምሩና ሞክሩት። ሁሉም እኩል ስለተገፉ ስርጭታቸው አይለወጥም፤ መልሱ 30 መሆን አለበት። አቋራጩ የሚሰጣችሁ ግን -170.67 ገደማ ነው። ቫሪያንስ ደግሞ በፍጹም ከዜሮ በታች አይወርድም!

ምክንያቱ ይህ ነው፦ በ64 ቢት የሚያዝ የአስርዮሽ ቁጥር በትክክል የሚይዘው 15 ወይም 16 አሃዝ ያህል ነው። የአራቱ ካሬዎች ድምር 4 ኩንቲሊዮን፣ ማለትም 19 አሃዝ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ ኮምፒውተሩ የሚያውቃቸው ቁጥሮች በ512 ይራራቃሉ። የምንፈልጋት ትንሽ ልዩነት እዚያ ክፍተት ውስጥ ትጠፋለች።

መፍትሔውን ዌልፎርድ የተባለ ሰው በ1962 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። የቁጥሮቹን ትልልቅ ካሬዎች ከመደመር ይልቅ ከአማካዩ ያሉትን ርቀቶች እያባዛ ውጤቱን ብቻ ይደምራል።

ኮዱ

ፓይተን 3 ቫሪያብሎችን በራሳችን ፊደል እንድንሰይም ይፈቅዳል፤ እኔም ለመማሪያ እንዲህ መጻፍ ደስ ይለኛል። ብዛት፣ አማካይ እና ድምር ሦስቱንም ከ0 አስጀምሩ። ከዚያ አዲስ ቁጥር በመጣ ቁጥር ሉፑ ውስጥ፦

ብዛት = ብዛት + 1
ልዩነት = አዲስ - አማካይ
አማካይ = አማካይ + ልዩነት / ብዛት
ድምር = ድምር + ልዩነት * (አዲስ - አማካይ)

ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ። የመጀመሪያው ልዩነት ከአሮጌው አማካይ ነው፤ በቅንፍ ያለው ግን ከታደሰው። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው።

በእጃችሁ አረጋግጡት። ከ4 በኋላ አማካይ 4፣ ድምር 0። 7 ሲገባ 5.5 እና 4.5። 13 ሲገባ 8 እና 42። 16 ሲገባ 10 እና 90። ቫሪያንሱን ለማግኘት ድምርን ለብዛት ሲቀነስ 1 አካፍሉ፦ 90 / 3 = 30። ስኩዌር ሩቱ 5.48 ገደማ ነው፤ እሱ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ነው። ያላችሁ ዳታ ናሙና ሳይሆን ሙሉው ከሆነ ግን በብዛት አካፍሉ። ቁጥሩ ገና አንድ ብቻ ሲሆን ለዜሮ እንዳታካፍሉ ቀድማችሁ ፈትሹ።

ባዶ ወይም የተበላሸ ንባብም ከመግባቱ በፊት ይጣራ። «ቁጥር አይደለም» የሚባለው እሴት አንዴ ከገባ አማካዩ ከዚያ በኋላ አይድንም።

የቅርቡን ብቻ ከፈለጋችሁ

ይህ ዘዴ የዛሬ ዓመቱን ቁጥር ከአሁኑ እኩል ያያል። የመጨረሻዎቹን 60 ብቻ ከፈለጋችሁ እነሱን በወረፋ ያዙ፤ አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይውጣ። 60 ቁጥር ምንም ቦታ አይፈጅም። ወረፋም መያዝ ካልፈለጋችሁ፣ ለብዛት ከማካፈል ይልቅ ልዩነትን በ0.1 አባዙና አማካዩ ላይ ጨምሩ። አሮጌው ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ሥራውን ለሁለት ኮምፒውተር ስትከፍሉ

እኔ ይህን ዘዴ በጣም የምወደው እዚህ ጋ ነው። አንዱ ማሽን 4 እና 7ን ያስላ፤ አማካይ 5.5፣ ድምር 4.5። ሌላው 13 እና 16ን፤ አማካይ 14.5፣ ድምር 4.5። የአማካዮቹ ልዩነት 9 ነው። ካሬውን በሁለቱ ብዛት አባዙና ለጠቅላላ ብዛቱ አካፍሉ፦ 81 * 2 * 2 / 4 = 81። ሁለቱን ድምሮች ጨምሩበት፤ 81 + 4.5 + 4.5 = 90።